ወንበሩ በጨረታ፣ ግድቡ ያለ ጨረታ

ከሊንውድ (ሲያትል)

አዲስ ዘመን ጋዜጣን ሲያነብ ያደገ ሁሉ የጨረታ ማስታወቂያን ቋንቋ በቃሉ ያውቀዋል። ተጫራቾች ዋጋቸውን በታሸገ ኤንቨሎፕ ያስገባሉ፤ ማስከበሪያውን በሲፒኦ ያሲዛሉ፤ ሳጥኑ በተባለው ሰዓት ተዘግቶ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። የሚገዛው ወንበርና ጠረጴዛ ቢሆንም ሥርዓቱ ያው ነው። ለመሆኑ ለወንበር ይህን ያህል የተጠነቀቀ መንግሥት ታላላቅ ግድቦቹን ለተቋራጭ የሰጠው እንዴት ነበር? (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2004 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ግልገል ጊቤ ሁለትን ለጣሊያኑ ኩባንያ ለሳሊኒ ያለ ጨረታ ሰጠ። ዋጋው 490 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን 220 ሚሊዮኑ የጣሊያን መንግሥት ብድር ነበር። ሥራው 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ነበረው። በጃንዋሪ 2010 ተመረቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው በከፊል ተናደ። ከዚያ በፊት በ2006 ጊቤ ሦስት፣ በኋላም በ2011 የሕዳሴው ግድብ፣ ለዚሁ ኩባንያ ያለ ጨረታ ተሰጥተዋል።

የመንግሥትን መከራከሪያ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። አገሪቱ በመብራት እጦት ትሰቃይ ነበር፤ ጨረታ ጊዜ ይፈጃል፤ ኩባንያውም አገሩን ያውቀዋል። ዋሻው የተናደው ጨረታ ስላልነበረ ነው ማለቴም አይደለም፤ ከመሬት በታች ያለ ድንጋይ ማንንም ያታልላል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛ ተጫራች ስላልነበረ ዋጋው ውድ ይሁን ርካሽ፣ የተሻለ ንድፍ ይኑር አይኑር፣ የሚያወዳድር ሰነድ የለም። የዓለም ባንክም ጊቤ ሦስት ያለ ውድድር በመሰጠቱ ገንዘቡን አላወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ክፍተቱ ከሕጉ ይጀምራል። የግዥ አዋጆቹ ቁጥር 430/1997 እና 649/2001 በዋናነት የሚገዙት ከፌዴራል በጀት የሚተዳደሩትን መሥሪያ ቤቶች ነበር። የልማት ድርጅቶች በየራሳቸው መመሪያ ይገዙ ነበር። ስለዚህ ጥብቁ ሕግ ትንሹን ገዢ ሲይዝ ትልቁ በጎን ያልፍ ነበር። በ2010 የተቋቋመው ሜቴክ የዚህ በር ውጤት ነው። የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ተሰጥቶት ቆይቶ በ2018 ተነጠቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን በይፋ ተናገሩ። ግድቡ የተመረቀው በሴፕቴምበር 2025 ነው።

እዚህ የምኖርባት ሊንውድ የከተማ ባቡር የገባው በኦገስት 2024 ነው። ቀጠሮው 2023 ስለነበር ፈረንጅም ይዘገያል። ተቋራጮቹ በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አልተመረጡም፤ በንድፉ ወቅት በብቃትም ተመዝነው ነው። ከተማዋ መንገድ ስታሠራ ግን ኤንቨሎፑ በአደባባይ ይከፈታል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ብቁ ተጫራች ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ይቃወማል፤ ሰነዱንም የፈለገ ነዋሪ ጠይቆ ያያል። በአስቸኳይ ሁኔታ ወይም አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን ሕጉ ጨረታውን ማስቀረት ቢፈቅድም፣ በተለመደው ሥራ ማወዳደሪያው አይቀርም።

በየስብሰባው ክርክሩ «ግድብ ይሠራ፣ አይሠራ» ሆኖ ኖሯል። ደጋፊ ቦንድ ገዛ፤ ተቃዋሚ ሰልፍ ወጣ። ሁለቱም ወገን ግን ያለ ኀፍረት አብሮ ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ አለ፦ ውሉ በስንት ተፈረመ? በስንት ተሻሻለ? ማንስ ተወዳደረ? በተለይ ቦንድ የገዛ ሰው አበዳሪ ነው፤ አበዳሪ ሒሳብ ቢጠይቅ ጠላት አይባልም። በ2024 አዲስ የግዥ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ወጥቷል። የአዋጁ መለኪያ የወንበር ግዥ አይደለም፤ የሚቀጥለው ግድብ ነው።

ቸር ይግጠመን።