የአጋዘን አደን ጥይት አመራረጥ

የአጋዘን አደን ጥይት የሚባለው አጋዘንን በአጭር ጊዜ፣ ብዙ ሳያሠቃይና ሥጋውን ያለ ልክ ሳያበላሽ ለመግደል የሚያስችል የጠመንጃ ጥይት ሲሆን፣ አመራረጡ የእንስሳውን ክብደት፣ የሚተኮስበትን ርቀት፣ የጠመንጃውን ዓይነት፣ የአዳኙን ችሎታና የአካባቢውን ሕግ አንድ ላይ ማመዛዘንን ይጠይቃል። በዚህ መጣጥፍ አጋዘን የተባለው በየዓመቱ ቀንዱን እየጣለ አዲስ የሚያበቅለው፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ የሚኖረው ወገን ነው፤ በኢትዮጵያ በዚሁ ስም የሚጠሩት እንስሳት፣ ለምሳሌ በባሌ ተራሮች የሚገኘው የደጋ አጋዘን፣ ቀንዳቸውን የማይጥሉና ከሌላ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ከትልልቅ የዱር እንስሳት ሁሉ በብዛት የሚታደነው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ስለሆነ፣ ስለ ጥይት ምርጫ የሚነሡት አብዛኞቹ ምሳሌዎችም ከእርሱ አደን የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ጥይት ከናስ የተሠራ ቀለሃ፣ በቀለሃው ውስጥ የታጨቀ ባሩድ፣ ባሩዱን የሚለኩስ በቀለሃው መቀመጫ ላይ የተገጠመ ትንሽ አቀጣጣይ እና ከአፈሙዝ ወጥቶ ዒላማውን የሚመታ አረር አለው። አዳኞች ሲጫወቱ በብዛት የሚያነሡት ካሊበርን፣ ማለትም የአረሩን ውፍረት፣ ቢሆንም እንስሳው የሚገናኘው ከአረሩ ጋር ብቻ ነውና ከካሊበሩ ይልቅ የአረሩ አሠራር ሊያሳስብ ይገባል። የአረር ክብደት በአሜሪካና በብሪታንያ የሚለካው ግሬን በተባለ መስፈሪያ ነው፤ አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ስለሚመዝን ለአጋዘን የተለመደው ባለ 150 ግሬን አረር 9.7 ግራም ያህል ይሆናል።

የዛሬው አረር መልኩን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ውጅግራ በመባል የታወቀው የፈረንሳዮች የ1874 (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ አረር በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ነበር፤ ጥቁር ባሩድ ብዙ ፍጥነት ስለማይሰጥ የመግደል ኃይል የሚገኘው አረሩን በማወፈርና በማክበድ ብቻ ነበርና። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣውና ኢትዮጵያውያን ለበን ያሉት ጠመንጃ በ8 ሚሊሜትር አረር ከቀድሞው እጅግ የላቀ ፍጥነት አገኘ። በዚህ ፍጥነት ልሙጥ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ እየተፋቀ ስለሚቀር አረሩን በመዳብ ቅይጥ ወይም በሌላ ጠንካራ ብረት መሸፈን ግድ ሆነ፤ ዳሩ ግን ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ አረር በሥጋ ውስጥ ቅርጹን ብዙም ሳይለውጥ ጠባብ ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል። ለዚህ የተገኘው መላ የአረሩን ጫፍ ሳይሸፍኑ መተው ነበር፤ የተጋለጠው እርሳስ አካል ሲመታ እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን ይከፈትና ሰፊ ቁስል ያደርሳል። ይህን መሰሉ አረር በጦርነት ላይ እንዳይውል እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ ጉባኤ ሲከለክል፣ በአደን በኩል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ በብዙ አገሮችና ግዛቶች አጋዘንን ሙሉ ሽፋን ባለው የወታደር ጥይት መምታት ክልክል ነው። ክልከላው ትክክለኛ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ የተወጋ አጋዘን ቁስሉን ይዞ ርቆ ይሄድና ማንም በማያገኘው ጫካ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞታልና።

አጋዘንን ፈጥኖ የሚገድለው በሳንባውና በልቡ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ እነዚህ አካላት ከጎን ሲታዩ በጎልማሳ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ላይ 20 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ክበብ ይሞላሉ። ጥሩ አረር ቆዳውንና የጎን አጥንቱን ሰንጥቆ ከገባ በኋላ መከፈት፣ ሳንባውን ሲያልፍ ክብደቱን መጠበቅ፣ ከተቻለም በሌላው ጎን መውጣት አለበት፤ የመውጫው ቀዳዳ ደም ወደ መሬት ስለሚያፈስ አዳኙ ፈለጉን ተከትሎ የወደቀውን እንስሳ ለማግኘት ይረዳዋል። ችግሩ እነዚህ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው መጋጨታቸው ነው። ለስላሳ አረር በቶሎ ይከፈታል፤ ነገር ግን በቅርብ ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት የትከሻ አጥንት ሲመታ ተበታትኖ ከላይ ሊቀር ይችላል። ጠንካራ አረር ደግሞ ጠልቆ ይገባል፤ ይሁንና በሩቅ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል። ብዙዎቹ የአደን አረሮች በሚገባ የሚከፈቱት በሰከንድ ከ550 ሜትር ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ሲመቱ ስለሆነ፣ አዳኙ በሚተኩስበት ርቀት ላይ አረሩ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀረው አምራቹ ከሚያወጣው ሠንጠረዥ ማየት ይጠበቅበታል።

ይህን ግጭት ለመፍታት ከተሠሩት ሁሉ ስሙ የገነነው ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው አረር ነው። ኖስለር እ.ኤ.አ. በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በአደን ላይ ሳለ፣ ጭቃ የተለደፈበት አንድ ትልቅ ሙስ (ከአጋዘን ወገን ሁሉ ግዙፉ) በተደጋጋሚ ተመትቶም ሊወድቅለት አልቻለም፤ ምክንያቱ አረሮቹ ጭቃውንና ቆዳውን ሲመቱ ተሰባብረው ወደ ውስጥ አለመዝለቃቸው ነበር። ስለዚህም የመዳብ ቅይጡ ሽፋን በመሐል በግድግዳ የሚከፈልበትን፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት የእርሳስ ልብ ያለውን አረር ሠራ፤ የፊተኛው ክፍል ሲከፈት የኋለኛው በግድግዳው ተጠብቆ ሳይበታተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህ አረር እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበ ሲሆን ዛሬም ይመረታል። በኋላ የመጡት እርሳሱና ሽፋኑ በኬሚካል ወይም በሙቀት የተጣበቁባቸው አረሮችም ያንኑ ዓላማ በሌላ መንገድ የሚያሳኩ ናቸው። ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ከሙስ በጣም ያነሰ በመሆኑ ግን በመካከለኛ ፍጥነት ለሚተኮስ ጥይት ተራው፣ ጫፉ የተጋለጠ አረር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ውድ የሆነውን አረር መግዛት የሚያስፈልገው በፍጥነታቸው ኃይለኛ በሆኑ ጥይቶች ወይም ከበድ ባሉ እንስሳት ላይ ነው።

ከጥይቶቹ ዓይነት ለረጅም ዘመን የአጋዘን አዳኞች ባልንጀራ የሆነው .30-30 ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ወጣ። ባለ 170 ግሬን አረሩ ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 670 ሜትር ያህል ፍጥነት ሲሆን፣ በ100 ሜትር ተስተካክሎ ከተተኮሰ በ200 ሜትር ላይ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚመታ ለጫካ እንጂ ለሜዳ አይሆንም። ይህ ጥይት የሚተኮስባቸው አብዛኞቹ ጠመንጃዎች ጥይት የሚደረደርበት ካዝናቸው ከአፈሙዙ ሥር ያለ ቱቦ ነው፤ በቱቦው ውስጥ የአንዱ ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ጥይት አቀጣጣይ ስለሚነካ፣ ሹል የብረት ጫፍ ያለው አረር በምት ጊዜ የፊተኛውን ሊያፈነዳው ይችላል። በዚህ ምክንያት ለእነዚህ ጠመንጃዎች ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ክብ የሆነ፣ አለበለዚያም በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ የተሾለ አረር ብቻ ይመረጣል።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1906 የተቀበለው .30-06 ስፕሪንግፊልድ ባለ 150 ግሬን አረርን በሰከንድ 890 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ከእርሱ የተወለደውና እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው .270 ዊንቸስተር በቀለለ አረር የበለጠ ፍጥነት ሲያገኝ፣ ጃክ ኦኮነር የተባለው ስመ ጥር የአደን ጸሐፊ ለብዙ ዓመታት ስላወደሰው በሜዳማና ተራራማው የአሜሪካ ምዕራብ ተወዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው .308 ዊንቸስተር ከ.30-06 ባጠረ ቀለሃ ተቀራራቢ ኃይል ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከተለው .243 ዊንቸስተር ደግሞ የዚሁኑ ቀለሃ አንገት በማጥበብ 6.2 ሚሊሜትር አረር እንዲይዝ የተደረገ ነው። ከቅርቦቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው 6.5 ክሪድሙር ረጅምና ቀጭን አረሩ የነፋስንና የአየርን ግፊት በደንብ ስለሚቋቋም በፍጥነት ተስፋፍቷል። ከነዚህ ሁሉ አንዱም ለባለ ነጭ ጅራት አጋዘን የሚያንስ የለም። ከእነርሱ በላይ የሆኑት ማግነም የሚባሉ ኃይለኛ ጥይቶች ብዙ ባሩድ ስለሚይዙ ሰደፉ በትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ይበረታል፤ ምቱን የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን በሚስብበት ቅጽበት ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻውን ያሸሻል፣ አረሩም ከሳንባው ይልቅ ሆድ ወይም እግር ያገኛል። ስለዚህ ለጀማሪና ለሰውነተ ቀጭን አዳኝ .243ን የመሰለ ቀለል ያለ ጥይት፣ ከጠንካራ አረር ጋር፣ ከኃይለኛው የተሻለ ምርጫ ነው።

የየአገሩ ሕግ ዝቅተኛውን ወሰን የሚያስቀምጠው በተለያየ መለኪያ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ አጋዘን የሚታደንበት ጠመንጃ ካሊበር ከ.23 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ኮሎራዶ ካሊበሩ ቢያንስ .24 ኢንች፣ አረሩም ቢያንስ 70 ግሬን እንዲሆን ታዝዛለች። በኦሃዮ ጥይቱ ሩቅ እንዳይሄድ ሲባል የሚፈቀደው ቀለሃው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ያልጠበበ ጥይት ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው .350 ሌጀንድም ይህን መሰል ሕግ ባለባቸው ግዛቶች ለሚያድኑ ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የ1991 (እ.ኤ.አ.) የአጋዘን ሕግ ከትናንሾቹ ዝርያዎች በስተቀር ቢያንስ .240 ኢንች ካሊበርና በአፈሙዝ ላይ 2,305 ጁል ያህል ጉልበት ሲጠይቅ፣ ጀርመን ጉልበቱን የምትለካው በ100 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ለትንሹ የሮ አጋዘን 1,000፣ ለትልልቆቹ 2,000 ጁል ነው። የጀርመኑ መለኪያ ይመረጣል፤ እንስሳው የሚመታው በአፈሙዙ ላይ ሳይሆን በርቀት ነውና።

ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የአረር ምርጫን ከምንም በላይ የለወጠው የእርሳስ መርዛማነት ነው። በፍጥነት የሚመታ የእርሳስ አረር በዓይን የማይታዩ ብናኞችን ከቁስሉ ርቆ በሥጋው ውስጥ ይበትናል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የሰሜን ዳኮታ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ለችግረኞች በስጦታ የተሰጠ የአጋዘን ሥጋ እንዳይበላ ያሳሰበው በሥጋው ውስጥ እርሳስ በመገኘቱ ነበር። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ በመሆኑ ጉዳዩ ሥጋውን ለቤተሰቡ ይዞ ለሚገባ ሁሉ ከባድ ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ አዳኞች ጥለውት የሚሄዱትን ሆድ ዕቃ የሚመገበው ኮንዶር የተባለ ትልቅ ጥንብ አንሣ በእርሳስ እየተመረዘ ሊጠፋ ስለተቃረበ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሕግ የእርሳስ ጥይት ከሐምሌ 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአደን ሁሉ ተከልክሏል። በምትኩ የሚሠራበት ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ጫፉ ላይ ባለ ቀዳዳ አማካይነት እንደ አበባ ቅጠል ይከፈታል፣ ክብደቱንም ይዞ ጠልቆ ይገባል። መዳብ ከእርሳስ የቀለለ በመሆኑ ግን እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ ረጅም አረር ሳይንገዳገድ ለመሄድ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ይበልጥ ሊያሽከረክረው ስለሚገባ፣ በቆየ ጠመንጃ ላይ አንድ ደረጃ የቀለለ የመዳብ አረር መምረጥ ይመከራል። ጠንካራ እንደ መሆኑም ለመከፈት ከእርሳሱ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል።

ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። .300 ብላክአውት የተባለው ጥይት ቀለሃው ከ.223 ሬሚንግተን የተወሰደ በመሆኑ በዚያው ካዝና ውስጥ ይገባል፤ በስሕተት .223 ጠመንጃ ጎርሶት ቢተኮስ ግን ወፍራሙ አረር በጠባቡ አፈሙዝ ማለፍ ስለማይችል ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል። ስሙ ቢገጥም እንኳ ሁለት አምራቾች የሚያወጧቸው አንድ ዓይነት ጥይቶች በአንድ ጠመንጃ አንድ ቦታ ላይመቱ ይችላሉ፤ ስለዚህ የአደኑ ወቅት ከመድረሱ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት ጥይት በዒላማ ላይ ሞክሮ አረሮቹን ይበልጥ የሚያቀራርበውን መምረጥ፣ መነጽሩን በዚያው ጥይት ማስተካከል፣ ከዚያም ለወቅቱ የሚበቃውን ያህል ከአንድ የምርት ቁጥር መግዛት የተለመደ አሠራር ነው።