የባዶ ሲዲ አቅም ግምት

ባዶ ሲዲ ወይም ዲቪዲ ላይ ምን ያህል መረጃ እንደሚገባ ከመቅዳት በፊት የሚደረግ ስሌት። አንዴ ብቻ የሚቀዳበት ዲስክ መሃል ላይ ከሞላ ስለሚባክን፣ ስሌቱ ገንዘብ ያድናል።

ባለ 80 ደቂቃው ሲዲ 360,000 ክፍልፋዮች አሉት። እያንዳንዱ 2,048 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ 737 ሚሊዮን ባይት ይጠጋል፤ ኮምፒውተር በ1,024 እያካፈለ ሲቆጥረው 703 ሜጋባይት ይሆናል። የድሬዳዋን ልጅ የዓሊ ቢራን ዘፈኖች ለምሳሌ እንውሰድ፦ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ቢፈጁ፣ ለተራ ማጫወቻ በሚሆነው የድምፅ ሲዲ 16 ብቻ ይገባሉ። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ወደሚፈጀው ኤምፒ3 ቢቀየሩ ግን አንዱ 4.8 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን 150 ያህል ይገባሉ። ልዩነቱ በእርግጥ አስደናቂ ነው።

4.7 ጊጋባይት የተጻፈበት ዲቪዲ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እዚህም በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ኮምፒውተሩ የሚያሳየው 4.38 ነው። ትናንሽ ፋይሎች ሲበዙ ደግሞ እያንዳንዱ ሙሉ ክፍልፋይ ስለሚይዝ፣ ቦታው ከተገመተው ቀድሞ ያልቃል።

የተቀዳው ዲስክ ከፀሐይ መራቅ አለበት፤ ብርሃንና ሙቀት መረጃው ያረፈበትን ቀለም ያበላሻሉ።