የዱቤ መዝገብ

የትናንሽ ከተሞቻችን ታሪክ ሲነገር ቤተ ክርስቲያኑ፣ ግቢውና ገበያው ይነሣሉ። ሱቁ ግን ይዘለላል። ለምን ይሆን? በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ገበሬው ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኘው በባለሱቁ ባንኮኒ ላይ አይደለም እንዴ?

ነገሩን ከባሮ ወንዝ እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቀዱ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፤ ከጎሬ በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭነው ወደ ካርቱም ይመለሳሉ። ጎሬም የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የሶርያውና የሕንዱ ነጋዴ መናኸሪያ ሆነች። በአገሪቱ ብዙ ቅርንጫፍ የነበረውን የሕንዶቹን የመሐመድ አሊን ኩባንያ በ1929 ጣሊያን አባረረው። ጋምቤላም ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች።

የመርከቡ ንግድ ሲያከትም ሱቁ አብሮ አላከተመም። ሚዛን ተፈሪና ቴፒም የራሳቸው ባለሱቆች ነበሯቸው። ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት መደርደሪያ፣ ከኋላ የቡና መጋዘን። ክረምት ላይ እጅ ያጠረው ገበሬ ጨውና ላምባ በዱቤ ይወስዳል፤ ቡናው ሲደርስ በቡናው ይከፍላል። ዱቤው ከችግር ያወጣዋል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን አበዳሪው ነው። ያው እጅ ያበድራል፣ ያው እጅ ይመዝናል!

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በኪራይ የነበረው ሱቅ የቀበሌ ቤት ተባለ፤ ኪራዩም ቀነሰ። ለተከራዩ እፎይታ ነው፤ ለቤቱ ግን አይደለም። ቀበሌው ኪራዩን ይቀበላል፣ ተከራዩ ኪራዩን ይከፍላል፣ ጣራው ያፈሳል። የማን ቤት ነው ብሎ ማን ይጠግን?

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የቡና ግብይት ሕግ ሽያጩን ወደ ተወሰነ የግብይት ቦታ አወጣው፤ በ2001 ቡና ወደ ምርት ገበያ ገባ። በሕጉ ዓይን ባለሱቁ ከቡናው ተለየ። ዱቤው ግን ሕግ ስለወጣ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጨው የሚፈልግ ቤት አለና።

አሮጌ የቆርቆሮ ሱቅ ፈርሶ ፎቅ ሲተካው አናልቅስ፤ ከተማ ማደግ አለበት። ነገር ግን ከቆርቆሮው ጋር የዱቤ መዝገቡም አብሮ ይጣላል። ማን ከማን ምን ያህል እንደወሰደ፣ በስንት ኪሎ ቡና እንደከፈለ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የገበሬውን ስም ከግብር መዝገብ ሌላ የጻፈለት ያ ደብተር ብቻ ሊሆን ይችላል። የየከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰው ልኮ ቢያስሰበስበው ምን ያህል ወጪ ይሆንበታል?