ለሁሉም የተባለው የሕፃናት ትምህርት

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሕፃናት ትምህርት እንግዳ አይደለም። ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁት በየአጥቢያው ፊደል የሚያስቆጥሩ የኔታዎች ስለነበሩ ጭምር ነው፤ ምንም እንኳ ጉባኤው በአብዛኛው የወንድ ልጅ ቢሆንም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን በአመዛኙ ለግል ባለሀብትና ለማኅበረሰቡ ተወው፤ የተጠቀመውም መክፈል የሚችል ከተሜ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ማዕቀፍ ግን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ክፍል» እንዲከፈት መንገድ ጠረገ። ክፍያው ቀለለ፤ ርቀቱ ግን አልቀረም። የ6 ዓመት ሕፃን የስማዳን ቆላ ብቻውን አያቋርጥም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። እንግዲህ እጠይቃለሁ፦ ሕፃን የማይደርስበት በር ተከፍቷል ይባላልን? የኔታ ቢያንስ በአጥቢያው ነበሩ። መንግሥትም እዚያ እስኪደርስ ድረስ «ለሁሉም» ባይል ይሻላል።