ከጨዋታ በፊት የሚሰማ መዝሙር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ለተማሮቻችን ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ድሩ በምን እንደሚያብር ግን አዘውትረን አንመረምርም። የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ታሪክ ለዚህ ምርምር የሚረዳ ስለ ሆነ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ዓመታቱን እየጠቀስሁ ባጭሩ ልተርከው እወዳለሁ።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በጁባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1972 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ተዋጊዎች በአዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በማሸማገሉ ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። በተገኘው ዕረፍት ዩኒቨርሲቲው በ1975 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጦርነቱ እንደ ገና በመነሣቱ በ1989 ዓ.ም. ወደ ካርቱም ተዛወረ፤ ወደ ጁባ የተመለሰው ከ2005ቱ የሰላም ውል በኋላ ነው። አገሪቱ በ2011 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣም፥ ለብሔራዊ መዝሙሯ በተደረገው ውድድር የተመረጠው ዜማ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሮች ያዘጋጁት ነበር።

ይሁን እንጂ መዝሙሩ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፥ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያችው በጁባ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። እንግዲህ አንድ መዝሙር መዘመር ብቻውን ልብን አንድ እንደማያደርግ ከዚህ እንረዳለን።

ሉኦል ዴንግ በዋው ተወልዶ፥ በሕፃንነቱ ከጦርነት ሸሽቶ በግብፅ በኩል እንግሊዝ አገር የገባ፥ በኋላም በአሜሪካ ስመ ጥር ተጫዋች የሆነ ሰው ነው። በ2019 ዓ.ም. የአገሩን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት ሲይዝ፥ በየአህጉሩ ተበትነው ያደጉትን የስደተኞች ልጆች ሰበሰበ። በአገራቸው ጣራ ያለው መጫወቻ ስላልነበረ ልምምዳቸው በሰው አገር ሆነ፤ ከወጪውም ብዙውን ዴንግ ከገዛ ኪሱ ከፈለ። በአሠልጣኙ በሮያል አይቪ መሪነትም በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ አንጎላን 101 ለ78 ረትተው ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፉ።

ጁላይ 28 ቀን 2024 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሊል ከተማ ከፖርቶ ሪኮ ጋር ሊጋጠሙ ተሰለፉ። እንደ ሥርዐቱ መዝሙራቸውን ሲጠብቁ፥ በስሕተት የሱዳን መዝሙር ተሰማ፤ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከጦርነቱ የሸሹት የዚያ መንግሥት መዝሙር ማለት ነው። ተመልካቹ በፉጨት ተቃወመ፤ መዝሙሩም ተቋረጠ። ተጫዋቾቹ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የጁባ መምህራንና ተማሮች ዜማ ተሰማ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተቀበለው። ጨዋታውንም 90 ለ79 አሸነፉ።

በ2013 ዓ.ም. አገሩን ከመለያየት ያላዳነ መዝሙር፥ በ2024 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለት ጐልማሶችን እንደ አንድ ሰው ያቆመበት ምክንያት ምንድን ነው? እንደሚመስለኝ፥ እነዚህ ከመዝሙሩ በፊት አብረው ደክመዋል፤ አብረው ተሸንፈዋል፤ አንዱ ለሌላው ኳስ ማቀበልን ተምረዋል። ሥርዐት አስቀድሞ በሥራ ለተፈጸመ ኅብረት ማኅተም ነው፤ ጽሑፍ በሌለበት ወረቀት ላይ የሚያርፍ ማኅተም ግን ምንም አያጸናም።

እኛም በየማለዳው ተማሮቻችንን በሰንደቅ ዓላማ ሥር እናሰልፋለን። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ በክፍልና በሜዳ አብረው የሚደክሙበትን ሥራ ካላዘጋጀንላቸው፥ ሰልፉ ልማድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የጁባ መምህራን ዜማውን አበርክተዋል፤ ዜማውን የሚሸከም ልብ ማዘጋጀት ግን በየትም አገር የመምህር ሁሉ ዕዳ ነው።