ሕንፃውን ወይስ ሰውን? የአውሮፓ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትና የክረምት ብርድ



ጣሪያው እጅግ የራቀ፣ ግንቡ ድንጋይ፣ በበሩና በመስኮቱ ነፋስ የሚገባበት ቤተ ክርስቲያን በአውሮፓ ክረምት እንዴት ይሞቃል? ክረምት ስል ዝናሙን ሳይሆን በረዶውን ማለቴ ነው። የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ሕንፃውን ትተው ሰውን ያሞቁ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ቪላር ደ ኦንኩር በሥዕል ማስታወሻው ውስጥ የጳጳስ እጅ ማሞቂያ ሉል ነድፏል። በውስጡ አንዱ በሌላው የተሰኩ ቀለበቶች ስላሉ፣ ሉሉ ወዴትም ቢዞር ፍሙን የያዘው ዕቃ አይገለበጥም፤ ጳጳሱም ረጅሙን ቅዳሴ እጁ ሳይደነዝዝ ይፈጽማል። በኔዘርላንድ ደግሞ ምእመናን ክዳኑ የተበሳሳ የእንጨት ሣጥን ነበራቸው፤ በውስጡ ፍም በሸክላ ተቀምጦ እግራቸውን በላዩ ያሳርፋሉ።

አየሩን በሙሉ የማሞቅ ምኞት የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ጎልድስዎርዚ ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ያገኘበት ምድጃ ዙሪያውን የብረት ክንፎች የቆሙበት ነው። ክንፎቹ አየር የሚነካውን ትኵስ ገጽ ያበዛሉ፤ ከሥሩ ያለው የውኃ ገበታ አየሩ እንዳይደርቅ ይረዳል። በኢሊ ካቴድራል ምድጃዎቹ ዛሬም ይታያሉ። በእኔ ግምት ገርኒን የሚያስመሰግነው ከእሳቱ ይልቅ ውኃው ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይሸሻል፤ ምእመኑም ከታች ይንቀጠቀጣል። የባሰው ግን በእንጨት ላይ የሚደርሰው ነው። እሑድ ጠዋት በችኮላ የሞቀ አየር አንጻራዊ እርጥበቱ ይወድቃል፤ የተቀረጸው እንጨት ይኰማተራል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያብጣል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ይላቀቃል፣ የኦርጋኑ ቅኝት ይዛባል። ለአምስት መቶ ዓመታት በብርድ የቆየ ቅርስ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሙቀት ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

በጣሊያን አልፕስ፣ በሮካ ፒዬቶሬ የሚገኘው የቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየ ቅርጽ እንጨት መንበር አለው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ትኵስ አየር በሚነፋው ማሞቂያ ፈንታ መቀመጫዎቹን በኤሌክትሪክ አሞቁ፤ ለተቀመጠው ሰው ለስላሳ ሙቀት የሚሰጡ ስስ ንጣፎች ገጠሙ። የሆላንድ ሴቶች ሣጥን በሌላ መልክ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙቀቱ ከመቀመጫዎቹ ብዙ ስለማይርቅ መንበሩ በለመደው ብርድ ይቆያል፤ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ግን ካፖርቱን ባያወልቅ ይሻለዋል።