የስኳር በሽታ እና በካቴተር የሚደረግ የልብ ቫልቭ ጥገና

የስኳር በሽታ ደረት ሳይከፈት በካቴተር በሚደረግ የልብ ቫልቭ ጥገና ውጤት ላይ ተጽዕኖ ከሚያሳድሩ ተጓዳኝ በሽታዎች አንዱ ነው። ከጥገናው በኋላ ባሉት ዓመታት የስኳር ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ጥገናው ለሁለቱም ወገኖች ስለሚጠቅም፣ የስኳር በሽታ ብቻውን ሕክምናውን ለመከልከል በቂ ምክንያት አይደለም።

ሕክምናው

ሚትራል ቫልቭ በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ይገኛል። በደንብ ሳይገጥም ሲቀር ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚህም የትንፋሽ ማጠር፣ ድካምና የእግር እብጠት ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጣሊያናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኦታቪዮ አልፊየሪ የቫልቩን ሁለት ክንፎች መሃል ላይ በመስፋት መፍሰሱን የሚቀንስ ዘዴ ጀመሩ። ሚትራክሊፕ የተባለው መቆንጠጫ ይህንኑ ሐሳብ ያለ ቀዶ ሕክምና ይተገብራል። ካቴተሩ ከብሽሽት በደም መልስ ገብቶ፣ የላይኛዎቹን የልብ ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ አልፎ ቫልቩ ጋ ይደርሳል። መሣሪያው በአውሮፓ በ2008፣ በአሜሪካ በ2013 ፈቃድ አግኝቷል።

የጥናት ውጤቶች

በ2018 የታተመው ኮአፕት የተባለ ጥናት የልብ ድካምና ከባድ የሚትራል መፍሰስ ያለባቸውን 614 ሕሙማን አካቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 46.1 በመቶ፣ መቆንጠጫ ከተጨመረላቸው ደግሞ 29.1 በመቶ ሞተዋል። ከተሳታፊዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የስኳር ሕሙማን ነበሩ። እነዚህ በጠቅላላው ከሌሎቹ ይልቅ የሞቱ ቢሆንም፣ መቆንጠጫው በሁለቱም ወገን ሞትን ቀንሷል።

በዚያው ዓመት የታተመው፣ በፈረንሳይ የተካሄደው ሚትራ-ኤፍአር ጥናት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ስኳር ኖረም አልኖረም፣ ለሕክምናው የሚመረጠው ሕመምተኛ ማን ነው የሚለው ወሳኝ ጥያቄ ነው።

ውጤቱን የሚያከብዱ ምክንያቶች

መቆንጠጫው የቫልቩን መፍሰስ ይቀንሳል እንጂ ስኳር በሰውነት ላይ ያደረሰውን ጉዳት አይመልስም። ዋና ዋናዎቹ ጉዳቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- የልብ ጡንቻ መጠንከርና በጠባሳ መተካት፤
- የልብን ጡንቻ የሚመግቡ ደም ቅዳዎች መጥበብ፤
- የኩላሊት መድከም፣ ይህም የልብ ድካም መድኃኒቶችን በሙሉ መጠን ለመስጠት ያስቸግራል፤
- ለኢንፌክሽን መጋለጥና የቁስል ቶሎ አለመዳን።

በካቴተር የሚደረግ ጥገና የደረት አጥንት ስለማይከፍት፣ ከእነዚህ የመጨረሻው በቀዶ ሕክምና ከሚኖረው ያነሰ ሥጋት ነው።

ዝግጅትና ክትትል

በታቀደ ሕክምና ጊዜ የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠንን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ከተቻለ ከ8 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል። በሕክምናው ሰዓት አካባቢ የደም ስኳር ከ100 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን ይመረጣል። ሕመምተኛው ስለሚጾም ስኳሩ ከመጠን በላይ እንዳይወርድ የኢንሱሊን መጠን በሐኪም ይስተካከላል፤ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ግን ኢንሱሊንን ጨርሶ ማቋረጥ የለበትም።

ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ለልብ ድካምም የሚጠቅሙ መድኃኒቶች ናቸው። ይሁንና በጾም ወቅት ደም በኪቶን አሲድ እንዲመረዝ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ከታቀደ ሕክምና ቢያንስ 3 ቀን አስቀድሞ ይቆማሉ። ሕመምተኛው መብላት ሲጀምርና ሁኔታው ሲረጋጋ በሐኪም ትእዛዝ ይመለሳሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዋነኛው የቫልቭ ጉዳት መንስኤ የሩማቲክ የልብ በሽታ ሲሆን፣ በብዛት የሚያጠቃው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። የተጠቀሱት ጥናቶች ግን በአብዛኛው በዕድሜ የገፉና ቫልቫቸው በልብ መስፋት ምክንያት የሚያፈስ ሰዎችን ይመለከታሉ። በሩማቲክ በሽታ ለጠበበ ቫልቭ መቆንጠጫ ተስማሚ አይደለም፤ ይበልጥ ያጠብበዋል። እንዲህ ላለው ጥበት፣ የቫልቩ ሁኔታ ከፈቀደ፣ በካቴተር በሚገባ ፊኛ ማስፋት የተለመደ ሕክምና ነው።